የአሮጊት ትንኞች እንቁላል

ቦንጋ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የአምፖሉን ገመድ ነው። ተልጦ ነበር። "ፒንሳ ስጡኝና ልሥራላችሁ" አልኩት የሚገፋኝን ፖሊስ። በሩን ቆለፈብኝ። ዋጫ ከተማ ላይ ከሬድዮ እስከ ጄኔሬተር ያለ አስተማሪ የምጠግን ሰው ነኝ፤ የታሰርኩትም በዚሁ ነው። የስብሰባ ማይክ ሥራ ተባልኩ፣ ሠራሁ፣ ልሞክረው ብዬ የሆዴን ሁሉ ተናገርኩበት። ድምፁ ጥርት ብሎ ገበያ ድረስ ተሰምቷል።

አሥራ አንድ ነበርን። ጥግ ላይ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ተንበርክከው የሙዝ ልጣጭ ያያሉ።

"ምን ጠፋብዎት?" አልኳቸው።

"ቀስ በል። እየዘፈነላት ነው።"

ተንበረከክሁ። ሙዝ ላይ የምትሰበሰበዋ ትንኝ ናት። አንዷ ሌላዋን እየተከተለች አንድ ክንፏን ብቻ ዘርግታ ታንቀጠቅጣለች።

"ወንዱ ነው። በክንፉ ነው የሚዘፍነው።"

ስንት ስፒከር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ግን አላየሁም።

ለካ ዶክተር ናቸው። ትንኝ ከእንቁላል እንዴት እንደምታድግና ለምን እንደምታረጅ ነው የሚያጠኑት። "የሷን ሙሉ እድሜ በሁለት ሦስት ወር አየዋለሁ" አሉኝ። "በሰው ላይ ልየው ብል እኔ ቀድሜ እሞታለሁ።" ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአሮጊቶቹን እንቁላል ብቻ እየለቀሙ አሳድገዋል። ትውልድ በሄደ ቁጥር እድሜያቸው ረዘመ።

"እንግዲህ እኔ በአርባ ሁለቴ ነው የወለድኩት። ልጄ መቶ ዓመት ሊኖር ነው!" አልኳቸው።

"አንዴ አይበቃም። እሱም አርባ ሁለት እስኪሞላው ይጠብቅ። ልጁም፣ የልጅ ልጁም።"

"ይሄንን ለእናቱ እርስዎ ይንገሩልኝ!"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳላስበው "አሁን ማን ያበላቸዋል?" አልኩ።

"ማንም" አሉኝ። ላቦራቶሪው ታሽጓል። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ምግባቸው እስከ እሁድ ካልተቀየረ አንድም አይተርፍም።

ከምሳ በኋላ መርማሪው አስጠራቸው። ሲመለሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘዋል፤ ሰጡኝና አነበብኩት። መምህራን በጻፉት አቤቱታ ላይ ፈርመው ነው የታሰሩት። ወረቀቱ ደግሞ "አታሎ ያስፈረመኝ እገሌ ነው" ይላል፣ የሥራ ባልደረባቸው ሙሉ ስም ተጽፎ። ከፈረሙ ዛሬውኑ ይወጣሉ።

"ይፈርሙ!" አልኳቸው።

"እሱስ ምን ይሁን?"

"እሱማ ያውቀዋል፣ እዚህ ምን እንደሚደረግ። ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው! ወጥተው ትንኞቹን ያድኑ፣ በኋላ ይቅርታ ይጠይቁታል።"

በክርክር የሚረታኝ የለም፤ ዳኛ አፍ አስከፍቻለሁ። ቀጠልኩ። እሳቸው ያዳምጡኛል። እስክሪብቶውን ከፈቱ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ንግግሬ ተቋረጠ።

ዝናቡ ሲያባራ በሩ ተከፈተ።

"ጨረሱ ዶክተር?" አለ መርማሪው።

"ጨርሻለሁ።"

የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ገጠሙ። ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም በሁለት እጃቸው ሰጡት። ፊርማ የለበትም።

"ያታለለኝ የለም። አንብቤ ነው የፈረምኩት" አሉት።

"ያስቡበት እንጂ። ሥራዎ..."

"ሥራዬን አውቀዋለሁ።"

እሁድ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ተደግፈው ዋሉ። ወደ ማታ "አሁን አልቀዋል" አሉኝ። ቆጮ ቆርሼ ሰጠኋቸው፣ በሉ።

ከወጣን በኋላ አንድ ጊዜ ቦንጋ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ከአንደኛው ትውልድ እንደገና ጀምረዋል። "ስንተኛው ላይ ደረሱ?" ስላቸው፣ "ገና ሦስተኛው፤ አሮጊቶቹ ግን ጎበዞች ናቸው" አሉኝ እየሳቁ።

ስለ እስሬ ሲጠይቁኝ ሰው በሳቅ እስኪያለቅስ አወራለሁ። "ይፈርሙ" ማለቴን ግን እዘለዋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ውሃ የገባበት ስልክ ይዞ ሱቄ መጣ፤ ትንሽ ሴት ልጁ እጁን ይዛለች። ሲደርስ እንድጠራው ስሙን ነገረኝ። ዶክተሩ ያልፈረሙበት ወረቀት ላይ ያነበብኩት ስም ነው። ስልኩን ፈታሁ፣ አደረቅሁ፣ ገጠምኩ። ሲበራ ልጅቷ አጨበጨበች።

"እጅህ ይባረክ" አለኝ አባትዬው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ እጄ ብዙ እል ነበር። ያን ቀን ግን ምንም አላልኩም።