ለእንግዳ የተጠረገ ክፍል

እኅቴ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቁጭ ብላ አታውቅም። ሰው በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ መጥረጊያዋን ታነሣለች፤ «ማነው?» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። በክር ፋብሪካው «ወይዘሮ መጥረጊያ» ይሏታል። ጥጥ የሚበጠርበትን ክፍል ስትጠርግ ነው ያረጀችው። እኔ ታናሽ ወንድሟ እዚያው ጥገና ክፍል ስለምሠራ፣ ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣው ባልናገር ይሻላል።

ያ ክፍል ለጉድ ነው። ማሽኖቹ ጥጡን ሲያበጥሩት ብናኙ ይነሣና ቅንድብ ላይ፣ አምፖል ላይ፣ የምሳ ዕቃ ክዳን ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። እዚያ የሚሠራ ሁሉ ያስላል። በተለይ ከእረፍት ቀን ማግስት ደረት በገመድ የታሰረ ይመስላል። እኛ «የሰኞ በሽታ» እንለዋለን፣ አለቆቹ ስንፍና ይሉታል። እኅቴ ለራሷ ደረት ግድ አልነበራትም። የሚያስጨንቃት ሚጣ ነበረች፣ አንድያ ልጇ። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ደጅ ጠንታ እዚያው ክፍል ያስገባቻት እናቷ ራሷ ናት። ዓመት ሳይሞላ ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ግድግዳ መደገፍ ጀመረች።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የከተማችን ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካው ስምምነት የተፈራረሙት። በሩ ላይ «የቴክኖሎጂ ሽግግር» እና «ትስስር» የሚል ሰፊ ጨርቅ ተሰቀለ። ከዚያ ሁሉ ወሬ ለእኛ የሚሆን አንድ ነገር ነበር። ሁሉም «ዶክተር» የሚለው የዩኒቨርሲቲ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ብናኝ የሚስብ ማሽን ሠርቷል። ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ወይ እኛ ጋ ወይ ማዶ ያለው ክር ፋብሪካ ውስጥ ይተከላል፤ ዶክተሩ ሁለቱንም አይቶ ይወስናል ተባለ። በምን እንደሚወስን የነገረን የለም። ለጽዳት ሠራተኛ ማን ምን ይነግራል!

«ንብረት የማይዙ ዝርክርኮች ናቸው ብሎ ማዶ እንዳይወስደው» አለችኝ እኅቴ። «ለሚጣ ስል ያንን ክፍል መስታወት ነው የማስመስለው።»

አስመሰለችው። ዶክተሩ በሚመጣበት ቀን ጎህ ሳይቀድ ገብታ ከጣሪያው ብረት ላይ የዓመታት ብናኝ አወረደች፤ ወለሉን በውሃ አራሰች፤ ተጣብቀው የኖሩትን መስኮቶች እኔን ጠርታ በመዶሻ አስከፈተችኝ። ሚጣም አፏን በሻሽ አስራ ማሽኖቹን ስትወለውል አረፈደች። ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ንግግሩ በጩኸት እንዳይዋጥበት ግማሾቹን ማሽኖች አስቆመ።

ዶክተሩ ትንሽ መለኪያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ሲዞር ዋለ። በመጨረሻ መጥረጊያ የያዘችውን እኅቴን አያትና፣

«እናቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት።

«ታዲያስ! ሁልጊዜ ነው እንጂ» አለች አፏን ሞልታ። «ቤታችን እኮ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ በኩራት ፈገግ አለ። ዶክተሩም ጻፈ።

ማሽኑ ማዶ ሄደ። የብናኙ መጠን ከሚፈቀደው በታች ስለሆነ አያስፈልጋችሁም ተባልን። እኔ ነኝ የነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ግን መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «በገዛ እጄ!» አለች።

በማግስቱ ይዣት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ያን ቀን ጠርጌው ነው» አለችው። «ለእርስዎ ብዬ ነው። ዛሬ ይምጡና ይዩት፤ ዓይንዎን መግለጥ አይችሉም።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። ቀልቡ ተገፈፈ። «እንደገና ልለካ ብል ፋብሪካው መጠየቅ አለበት» አለ። «ስምምነቱ እንደዚያ ነው። ያለ ጥያቄ በሩን አላልፍም።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። የልኬቱን ውጤት በመስታወት አሳስሮ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል።

«ንጹሕ ናችሁ ተብሎ ተመስክሮልን፣ የለም ቆሻሾች ነን ብዬ ልጻፍ?» አለ። «አንቺስ ሴትዮ፣ ልታዋርጂን ነው የመጣሽው?»

ከዚያ ወዲህ እኅቴ ከታዘዘችው በላይ አንድ ጊዜም አልጠረገችም። ብናኙ ከጣሪያው ብረት ላይ እንደገና ተንዠረገገ። አንድ ቀን የሚለካ ሰው ይመጣል ብላ ታስብ ነበር። የመጣ የለም። ሚጣን ሥራ አስተወቻት፣ ግን ዘግይታ ነበር። ሐኪሙ ሳንባዋ ወደ ነበረበት አይመለስም አለ። አሁን ሚጣ በር ላይ ወንበር አውጥታ ትውላለች፤ ስትተነፍስ መንገድ ማዶ ይሰማል። ይህን ሳስብ ያንን በመስታወት የታሰረ ወረቀት አውርጄ ሥራ አስኪያጁ አናት ላይ ብሰብረው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን ዶክተሩ የእኅቴን ቤት አጠያይቆ መጣ። ልቡ አላርፍ ብሎት ነው መሰለኝ። ቤቱ አልተጠረገም፤ የቁርሱ ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ነው። እኅቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ሚጣ ግን የእናቷ ልጅ ናት። እንግዳ ስታይ አፈረች። «ውይ! ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ...» አለችና ግድግዳውን ይዛ ተነሥታ መጥረጊያውን አነሣች። ሁለቴ ጠረግ አደረገች። በሦስተኛው መጥረጊያው ላይ ተደግፋ ቀረች፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ትንፋሿ እያፏጨ ቤቱን ሞላው። ዶክተሩ ሊደግፋት ብድግ ሲል እኅቴ እጁን ያዘችው።

«ቆይ ዶክተር» አለችው። «መጀመሪያ በደንብ ይስሙት። ይኸኛውን አልጠረግሁትም።»

ከዚያ ተነሥታ ልጇን አቅፋ አስቀመጠቻት።