ምስጉን ጠባይ

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያገኘችውን ዲፕሎማ ይዛ ባሏን ተከትላ እኔ ወዳለሁበት ውጭ አገር መጣች። እሱ ተማሪ ስለሆነ በእሱ ቪዛ መሥራት አትችልም። ካልቨር ሲቲ ያለ አንድ ቢሮ በሂሳብ ሥራ ሊቀጥራት ፈለገ፤ የሥራ ቪዛው ግን ዲግሪ ይጠይቃል። የቢሮው ጠበቃ፣ በሙያው የተማረ የቀድሞ አለቃዋ ሥራዋን ዘርዝሮ ከጻፈላት ልምዷ የጎደለውን ትምህርት ሊተካ ይችላል አላት።

አለቃዋ ማን እንደነበር ስሰማ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

ሰውየውን ከእሷ በፊት አውቀዋለሁ። እዚህ እንደመጣሁ፣ የአገር ቤት ዲግሪዬን ምን ላድርገው ብዬ የጠየቅኩት እሱን ነበር። እዚህ አይሠራም፣ በከንቱ አትልፊ አለኝ። አመንኩትና ዕድሜዬን ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ስቀበል ጨረስኩ። እሱ የራሱን ዲግሪ አስገምግሞ ቢሮ ገባ። ኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ እሷ የምትሠራበትን መሥሪያ ቤት መራ፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ እንደገና እዚህ፣ ግሌንዴል ይኖራል።

ደብዳቤውን ቶሎ ጻፈላት። ትሑት፣ ታዛዥ፣ በምስጉን ጠባይ ያገለገለች ይላል። ስለ ሥራዋ አንድ መስመር የለውም። ጠበቃው መለሰው። ልጅቷ፣ አገር ቤት እንደዚህ ነው የሚጻፈው፣ ተንኮል የለበትም አለችኝ። እውነት ነው፣ የእኔም የሥራ ልምድ ወረቀት እንደዚያው ነው። ከእሱ እጅ ሲመጣ ግን አላመንኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሁሌ ከሚቀመጥበት ምግብ ቤት አገኘነው። ልጅቷ ጋሼ ብላ ጎንበስ አለች። እኔ ላፕቶፗን ከክትፎው አጠገብ አስቀመጥኩለት።

“እዚሁ ጻፈው።”

“አንቺ ዛሬም ሰው አታምኚም?” ብሎ ሳቀ።

“ማን አስተማረኝ?”

ልጅቷ ልታስታውሰው አፏን ስትከፍት በእጁ አስቆማት። ምን ምን ታዘጋጅ እንደነበር፣ ማንን ታሠለጥን እንደነበር፣ አብረዋት በእኩል ደረጃ የሠሩት ዲግሪ እንደነበራቸው፣ አንዱንም ሳይስት ጻፈ። ምንም አልጠየቀንም። የሚፈለገውን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቀዋል።

ልጅቷ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ፣ “ያን ጊዜም ታውቅ ነበር” አልኩት።

ክትፎውን አየ። “የገባሁበት ቢሮ የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር” አለኝ።

ቪዛው ተፈቀደ። ልጅቷ ደስ ብሏት ደወለችና ጋሼን ምሳ ልጋብዛቸው ነው፣ አንቺም ነዪ አለችኝ።

እሱን ጋብዢው አልኳት። ይገባዋል፣ ደብዳቤው ጥሩ ነው። እኔ አልመጣም።