ወደ መምህር ይመር ለቅሶ

ከደሴ የወጣሁት በጭነት መኪና፣ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የምሄደው መካነ ሰላም፣ ለቅሶ ለመድረስ ነበር። ተማሪ ሳለሁ እዚያ የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተማሩኝ መምህር ይመር በረሃቡ ጊዜ በተስቦ ማረፋቸውን የሰማሁት ዘግይቼ፣ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ደሴ አዲስ አስተማሪ ሆኛለሁ።

አቀስታ

ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የገብስ ቂጣ በሻይ በላሁ። ግድግዳው ላይ “መሬት ላራሹ” ተብሎ በከሰል ተጽፏል። ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው መኪናው ከዚያ አላለፈም። ገበያተኞች ተከትዬ፣ መንገድ ላይ እያደርኩ በእግሬ ቀጠልኩ። ጣራቸው የወደቀ፣ ሰው የሌለባቸው ጎጆዎች አሁንም አሉ።

መካነ ሰላም አቅራቢያ

መምህር ይመር ከክፍል እያወጡ ስለ ወፍና ነፍሳት የሚያስተምሩን እዚህ ነበር። ውሻ በጣም ይፈራሉ። መንደር ስንደርስ መሃላችን ገብተው “ቀስ በሉ ልጆች፣ ወፎቹ እንዳይደነግጡ” ይሉናል። ድንጋይ ገልብጠው ከሥሩ ስላሉት ነፍሳት ሲያወሩ ግን ረሃባችንን እንረሳ ነበር።

ረሃቡ እየጠና ሲሄድ፣ ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ እንዲህ ስንዞር እትዬ ከዲጃ የሚባሉ ሴት ቤት ገባን። እትዬ ከዲጃ የቀራቸውን ጓያ ሊቀቅሉ ውሃ ጥደዋል። ጓያ ብቻውን ሲዘወተር እግር ያሽመደምዳል፤ ባለቤታቸው ከዚያው የተነሳ መቆም አቅቷቸው መደብ ላይ ተኝተዋል።

“መጀመሪያ ይዘፍዘፍና ውሃው ይደፋ” አሉ መምህር ይመር።

“እስኪዘፈዘፍ ልጆቼ ምን ይብሉ?”

መምህራችን ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው መደቡ ላይ አፈሰሱ። እኛም ስንቃችንን አወጣን። የወፉ ትምህርት በዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ስንወጣ ስንቅ ይዘን በየቤቱ መዞር ሆነ።

አሁን እትዬ ከዲጃን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ማንነቴን ነግሬ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁ።

“አልሃምዱሊላህ፣ ሁለቱም በእግራቸው ይሄዳሉ። አባታቸው ግን አልተረፈም። ለመምህሩ ለቅሶ ነው የምትሄድ? ቆየኝ ልጄ፣ አብረን እንሂድ።”

መካነ ሰላም

የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ እኛን ሲያዩ አለቀሱ፤ እትዬ ከዲጃ “አብሽሪ፣ አብሽሪ” እያሉ ያዟቸው።

“በሽታ ገብቷል፣ በረሃብተኛው መጠለያ አትዋል ብዬው ነበር” አሉኝ ወይዘሮ አስካለ። “‘ተማሪ ልጆቹን ወስጄ የተራበውን ሰው አሳይቼ፣ እኔ ቤት ልቀመጥ?’ አለኝ። ምን ልበለው?”



ደሴ

ስመለስ ጭቃዬን እንኳ በቅጡ አላራገፍኩም። ለካ መምህር ይመር ያስተማሩኝ ወፍና ነፍሳት ብቻ አልነበረም፤ ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ መመለስ እንደሌለበት ጭምር ነው። በማግሥቱ ተማሪዎቼን ከክፍል ይዤ ስወጣ ዳይሬክተሩ በር ላይ አስቆሙኝ።

“ምን ልታሳያቸው ነው?”

“እንጃ” አልኳቸው። “ሄደን እናያለን።”