የኪቲላ ዘፈን መጨረሻ

ውበቱ ደንበኛውን ያልጠየቀውን ዘፈን ሳያሸክም አይሸኝም ነበር። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ካሴት ቤት በነበረው ጊዜ፣ የፈለጉትን አልበም በባዶ ካሴት ይቀዳል፤ አልበሙ አልቆ ሳይድ ቢ ላይ ክር ከተረፈ ግን ያ ትርፍ የእሱ ነው። ሬዲዮ የናቀውን፣ ሰው ያልሰማለትን አንድ ዘፈን እዚያች ላይ ይጨምርና "መጨረሻዋን ሳትሰማ እንዳትዘጋት!" ብሎ ያስረክባል። ግማሹ ይስቅበታል፣ ግማሹ "ማን ለምኖህ?" ይለዋል። እሱ ግን ግትር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በስድስት ዓመቱ ከወሎ ለሰፈራ ሲመጣ ወላጆቹ መንገድ ላይ ቀርተውበታል፤ ተረስቶ መቅረትን ማንም አያስተምረውም።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የጓደኛውን የኪቲላን ዘፈን ነበር። ኪቲላ በወረዳው የባህል ቡድን ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል፤ ሲጫወት እንደ መጋዝ ያስጮኸዋል። በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ሚስቱ ዋሪቱ በወለደች ሳምንት፣ ከውበቱ ሱቅ ጓዳ ገብቶ "ሶር ገመ" የሚል የኦሮምኛ ሮክ ቀረጸ፤ ከሶር ወንዝ ማዶ ማለት ነው። ከተማው "ይሄ ዘፈን ነው ቆርቆሮ?" ብሎ ተሳለቀ። ዓመት ሳይሞላ ኪቲላ ዳሪሙ ሠርግ ሊጫወት ሄዶ ወባ ጣለው። መኪና አልነበረም፤ በቃሬዛ ሲያመጡት መንገድ ላይ ሞተ። ዋሪቱ ሕፃኗን አዝላ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ኖፓ ሄደች።

ውበቱ እንግዲህ ዘፈኑን ለዓለም አዳርሳለሁ ብሎ ተነሣ። ስንት ካሴት ትርፍ ላይ እንደቀዳው ራሱም አያውቀውም። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ከተማውን ያሳበደ አንድ አልበም ወጣና ባዶ ካሴት ከገበያ ጠፋ። ደንበኛው ተሰልፏል። ውበቱ የኪቲላን ዋና ቅጂ አየው። "ይሄ እኮ መቶ ቤት አለ" አለ በሆዱ። ሌላ እንዳይቀዳበት ብሎ ቀድሞ የሰበራትን የካሴቱን ጥርስ ቀዳዳ በወረቀት ደፍኖ፣ አዲሱን አልበም ላዩ ላይ ቀዳበት። ያን ቀን ቅር እንኳ አላለውም።

አምና አንዲት ወጣት ሱቁ መጣች። ካሴት የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ ውበቱ አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ነው የሚሸጠው።

"ጋሼ ውበቱ እርስዎ ነዎት? ገለኔ ነኝ፤ የኪቲላ ልጅ።"

እናቷ በግንቦት ሞታለች። ልትሞት ስትል፣ አባትሽ በመጨረሻው ግጥም ላይ ስምሽን ይጠራል፣ ዘፈኑ ውበቱ ጋ አለ ብላታለች።

"ፎቶ እንኳ የለውም" አለች ገለኔ። "ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። ሲጠራኝ ልስማው ብዬ ነው።"

"ሁለት ሳምንት ስጪኝ፣ ልጄ" አላት። ዋናውን ማጥፋቱን ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

ካሴቱን ፍለጋ የድሮ ደንበኞቹን ቤት ለቤት ዞረ። አንዱ ጥሎታል፣ ሌላው ክሩን መዝዞ ወፍ ሊያባርርበት ማሳ ላይ ወጥሮታል። እንደምንም አንድ ካሴት አገኘ፤ ዘፈኑ አንድ ደቂቃ ሄዶ ቀጥ አለ። ሁለተኛውን አገኘ፤ ሁለተኛው ግጥም ላይ ቀጥ። ያኔ ገባው። የኪቲላ ዘፈን ስድስት ደቂቃ ነው፤ ከአልበም የሚተርፈው ክር ደግሞ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። እሱ ዘፈኑን አስጀምሮ ወደ ሌላ ደንበኛ ይዞራል እንጂ አንድም ቀን እስከ ጫፉ አላደመጠም። መጨረሻዋን ስሙ እያለ ሲለፈልፍ፣ ለማንም መጨረሻዋን አልሰጠም።

ሦስተኛውን ሁሩሙ፣ በገበያ ቀን፣ ሻይ ቤት ካላቸው ከእትዬ ሽብሬ ዘንድ አገኘ።

"ያ ጊታሩ የሚጮኸው? እኔስ ወድጄው ነበር" አሉት። "መሐሉ ላይ ግን ቀጥ ይላል።"

"ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?"

"አዘፋፈኑ እንደዚያ መስሎኝ ነዋ!"

ከሦስቱ የእሳቸው ይረዝማል። በቀጠሮው ቀን ውበቱ አሮጌውን ቴፕ አቧራውን ጠርጎ ከፈተላት። የኪቲላ ድምፅ ሲወጣ ገለኔ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሦስተኛው ግጥም አለቀ፤ ጊታሩ ብቻውን ከፍ ከፍ አለና፣ ጧ።

"ቀጥሎስ?" አለች።

አንድ ቃል ቢዋሽ ይበቃ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጎ በክሩ ማነስ ማሳበብም ይችል ነበር። ዓይኗን ሲያይ ግን አፉ እምቢ አለው።

"ሙሉው የለም። ዋናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ዘፈን ቀዳሁበት።"

የቆመውን ቴፕ አየች። ከዚያ "ሲቀርጽ እርስዎ ነበሩ አይደል? ስሜን ጠርቷል?" አለችው።

ውበቱ ጭንቅላቱን በረበረ። ያን ቀን ዓይኑ የድምፁ መለኪያ መርፌ ላይ ነበር። ስንቱን ሰው ስማ ሲል የኖረ ሰውዬ፣ ያን አንድ ግጥም አልሰማውም።

"አላስታውስም፣ ልጄ።"

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወንበሩን ወደ ቴፑ አስጠጋች።

"ይድገሙልኝ" አለች።

አጠንጥኖ ደገመላት። ኪቲላ ዘፈነ፤ ሦስተኛው ግጥም አለቀ፣ ጊታሩ ከፍ ከፍ አለ፣ ጧ። ገለኔ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ እንዳስደገፈች ጥቂት ቆየች።

"አንዴ ብቻ" አለችው፤ ውበቱም እንደገና አጠነጠነው።