በሞቴ፣ እኔ ልክፈል

ባለፈው እሑድ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ጥብሴን ሳልጋምስ የምግብ ፍላጎቴ ጥፍት አለ። ጥብሱ ምንም አልጎደለውም። ቅቤው የበሰለ፣ ሽንኩርቱ የበሰለ፣ ቃሪያውም የሚያስነጥስ ነበር። ያስጠላኝ የጎረቤታችን ጠረጴዛ ነው። ሁለት ጎረምሶች ለሒሳብ ይታገላሉ። አንዱ የአስተናጋጇን ክንድ ይዟል፤ ሌላው የያዘውን ሰው ክንድ ይዟል።

«በሞቴ፣ እኔ ልክፈል!»

«እናቴ ትሙት አትከፍልም!»

«ከከፈልክ ሁለተኛ አብሬህ አልበላም!»

በመጨረሻ አንዱ እጁን አስመልጦ፣ ካርዱን በሰው ጭንቅላት ላይ አሻግሮ አስተናጋጇ ትሪ ላይ ወረወረው። ካርዱ ቅባት ነክቶት ስለነበረ ትሪው ላይ ልጥፍ ብሎ ቀረ። ሸርተት እንኳ አላለም።

 የሰው ልጅ ስልሳውን ዓመት ደፍኖ፣ በሁለት ልጆች ጨዋነት ለምን ያቅለሸልሸዋል ትሉ ይሆናል። ያቺን ቅባታም ካርድ ስለማውቃት ነዋ! በጊዜዬ ወርዋሪው እኔ ነበርኩ። በአወራወር ደግሞ እነዚህ ልጆች አጠገቤ አይደርሱም።

ያኔ ገና ሠላሳዎቹን መጀመሬ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን ማለት ነው፣ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ቀን ቀን አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና አቆማለሁ። ቀኑን ሙሉ የቆዳ ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ የሰው መሪ እየጨበጠ የሚውል ሰው፣ ወደ ማታ የራሱ የሆነ ይመስለዋል። እኔን እንዲያውም ጋራዡም የኔ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ስምንት ጓደኛሞች ሆነን በሁለት መኪና የወንዙን ድልድይ እንሻገርና ለክትፎ አሌክሳንድሪያ ድረስ እንሄዳለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ጠፍቶ አይደለም። በቅርብ የተገኘ ነገር ስለማይጣፍጠን ነው። በክረምት ድልድዩ በረዶ ሆኖ መኪናችን እየተንሸራተተ ሄደናል፤ ለክትፎ ሞቱ ተብሎ ያልተጻፈልን በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሒሳብ ሲመጣ እኔና ጌታሁን እንተናነቃለን። ጌታሁን ታክሲ የሚነዳ የልብ ጓደኛዬ ነው፤ ሳገባ ሚዜዬ እንደሚሆን ከተማማልን ቆይተናል። ትከሻው ከኔ ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ታዲያ ሁልጊዜ አሸናፊው እኔ ነበርኩ። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ክሬዲት ካርድ ብድር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም ብል ደስ ባለኝ። ነግረውኛል። በየወሩ በፖስታ ይነግሩኛል። ፖስታውን የማልከፍተው እኔ ነኝ። ሦስት ካርድ ነበረኝ፤ አንዱ ሲሞላ በሌላው እየከፈልኩ፣ በጣም ብልህ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ቀጥሎ የዕዳ ሰብሳቢዎቹ ስልክ መጣ። ትናንት አብረን ያደግን ይመስል በስሜ ይጠሩኛል። «አሳፋ» ይሉኛል፤ አሰፋ ማለታቸው ነው። ያ ማር የተቀባ ድምፃቸው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ተጋግሮ አለ።

አንድ ቅዳሜ ስልኩን ጸዳለ አነሳችው። ጸዳለ ላገባት የማስባት ልጅ ናት፤ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን እያስታመመች ትሠራለች፤ ቀልድ ታውቃለች፣ ግን ስትቆጣ አትቀልድም። አዳመጠች፣ አዳመጠች፣ ዘጋችው።

«ይኼ ሰውዬ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን ያውቃል። ዕዳህንም ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቀው።»

«የተሳሳተ ስልክ ይሆናል።»

«አሰፋ!» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «እኔ አንድ ሰው ላገባ ነው ያሰብኩት። አንተን ከነሦስት ካርድህ አላገባም። እነሱን ፈትተህ ና።»

ከሥራ ባልደረባዋ የሰማችውን የኢንተርኔት መድረክ አድራሻም ሰጠችኝ። ዕዳ ያናወጣቸው የአገራችን ሰዎች ከየስቴቱ እየገቡ፣ በቅጽል ስም ተሸፍነው፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፉ የሚመካከሩበት ነው። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የገባሁት ለምክር አይደለም። ያኔ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ነበር የሚመጣው፤ እኔ እዚያ እያለሁ ስልኩ ይያዛል። ዕዳ ሰብሳቢዎቹ ሲደውሉ ቢውሉ አያገኙኝም። ለመደበቅ ገብቼ እዚያው ተያዝኩ።

መድረኩን የምትመራው ራሷን «መቀነት» ብላ የሰየመች ሴትዮ ናት። የት እንደምትኖር፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔ «ደረቅ ሽሮ» ተባልኩ። የመጀመሪያ ትእዛዟ አንድ ነበር፤ «ፖስታዎቹን ክፈትና ከያንዳንዱ ሒሳብ ጎን ምን እንደገዛህበት ጻፍ።»

ከፈትኩ። ቲቪ ይኖራል፣ ሶፋ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ፣ ክትፎ። ቀጥሎ ክትፎ። ከዚያ ጎረድ ጎረድ፣ ከዚያ ክትፎ። በዚያ ላይ ወለዱ ተቆልሏል። ከዓመት በላይ ያለፈውን የበዓል ክትፎ አሁንም እየከፈልኩ ነው! ክትፎው ራሱ በዚያች ሰዓት የት እንደደረሰ ጨዋ አንባቢ ይገምታል። እኔ ገመትኩና ጉሮሮዬ ድረስ መጣብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተነጠረ ቅቤ ሲሸተኝ መስኮት እከፍት ነበር። የአከራዬ ሚስት ፎቅ ላይ ቅቤ ስታነጥር ጃኬቴን ደርቤ ውጭ እቆማለሁ። የጎረቤት ሰው ሲጋራ የጀመርኩ መስሎት መክሮኛል።

የዕዳ ፖስታዎቹን አልጣልኳቸውም። ባዶአቸውን ገልብጬ «ኪራይ»፣ «ቤንዚን»፣ «አስቤዛ» ብዬ ጻፍኩባቸው፤ ደመወዜን በጥሬው አውጥቼ እዚያ እከፋፍለዋለሁ። የፖስታው ገንዘብ ካለቀ አለቀ። የተረፈው ትንሹን ካርድ አስቀድሞ ለመዝጋት ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያወጣሁትን ለመድረኩ እዘረዝራለሁ። አንዴ ዶናት በልቼ «ቤንዚን» ብዬ ደብቄ ነበር፤ መቀነት «ቤንዚንህ በዚህ ሳምንት ለምን ጣፈጠ?» ብላ ጻፈችልኝ። እንዴት እንዳወቀች እስከዛሬ ይገርመኛል።

የቀረው እሑድ ነበር። «ምግብ ቤት አትሂድ አልልህም፤» አለችኝ መቀነት። «ሂድ። የበላኸውን ክፈል። እጅህ አልታዘዝ ካለ ተቀመጥበት።»

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ሄድኩ። ጾሞ የከረመ ሁሉ ምግቡ ላይ ተነሥቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ቅቤ ይዋኛል። እኔ እንጀራውን ዳር ዳሩን እየቆረስኩ ለመብላት እታገላለሁ። ሒሳቡ ሲመጣ ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር ሰደድኩና ተቀመጥኩባቸው።

«በሞቴ፣ ዛሬ እኔ ነኝ!» አለ ጌታሁን። ብሎም ወደ እኔ ዞሮ ግብግቡን ጠበቀ። እኔ እጆቼ ላይ ተደላደልኩ። «በሞቴ እኮ አልኩ!» አለ እንደገና፤ አሁን ልመና ይመስል ነበር። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ካርዱን ሰጠ።

አስተናጋጇ ተመልሳ ጎንበስ አለች። «ጌታሁን፣ ይቅርታ፤ ካርዱ እምቢ አለኝ። ሌላ ይኖርሃል?» የሹክሹክታዋ ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። ሌላውን ሰጠ። እሱም እምቢ አለ።

ያኔ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። የኋላ ኪሴ ውስጥ ያልቆረጥኳት የመጨረሻዋ ካርድ አለች፤ እንደ ትኩስ ድንች ታቃጥለኛለች። አንድ ውርወራ ብቻ! ጌታሁን ይድናል፤ እኔም እንደገና ጌታ እሆናለሁ። ጸዳለስ? እጄን ከሥሬ አወጣሁና «አስቤዛ» ከሚለው ፖስታ የበላሁትን ያህል ብቻ ቆጥሬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«የኔ ይኸው፤» አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ የሞተ አይጥ ያስቀመጥኩ ነበር የሚመስለው። ሰው ሁሉ ከብሮቹ ፈቀቅ አለ። ቀስ በቀስ ግን አንዱም፣ ሌላውም ኪሱን መዳበስ ጀመረ፤ የተጨማደደ ብር ከየጉያው ወጣ።

ጌታሁን ፓርኪንጉ ውስጥ ጠበቀኝ። «ሱሪዬን በሰው ፊት አወለቅከኝ፤» አለ።

«ጌታሁን፣ እኔም እኮ የለኝም!»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የሌለህ?»

«ከድሮም የለኝም!»

አላመነኝም። የታክሲው መስኮት ሲዘጋ የመድረኩን ስም ጮኼ ነገርኩት። «ሚዜህን ከዚያው ፈልግ!» ብሎኝ ሄደ።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ቤተ ክርስቲያን እሱ በቀኝ ከቆመ እኔ በግራ እቆማለሁ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር መድረኩ ላይ «አርፋጁ» የሚባል አዲስ ሰው ብቅ አለ።

«አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤» ሲል ጻፈ። «ሒሳብ ሲመጣ እጁ ኪሱ ውስጥ መግባቱን አይቼ ነበር በሞቴ የምለው። ሁልጊዜ ትንሽ አረፍዳለሁ። አንድ ቀን ዝም አለብኝና ጉድ ሆንኩ።»

ከወንበሬ ልወድቅ እስክል ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን አስጠላኝ። ጌታሁን አይደለም፤ ያ ሁሉ ድል አስጠላኝ። እንደ አንበሳ ስታገል፣ ተጋጣሚዬ ጥጉን ይዞ መሸነፊያውን ሰዓት ይጠብቅ ኖሯል!

«እንኳን ደህና መጣህ፤» ብዬ መለስኩለት። «ያ ጓደኛህ ግን ምን ዓይነት ጉረኛ ነው?»

መልሱ መጣ። «ጉረኛስ ጉረኛ ነው። ግን በሱ ማንም እንዲያሾፍ አልወድም።»

እንዲህ ሆነን ዓመት ከረምን። እሑድ ሰላም አንባባልም፤ ቅዳሜ ስለ ምስርና ስለ ቤንዚን እንመካከራለን። አንዴ ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ ምስር መርከሱን መድረኩ ላይ ጻፍኩ። በማግስቱ ራሴ ስሄድ ጌታሁን ከምስሩ መደርደሪያ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ዞር አለና የዘይት ጠርሙስ ጀርባ ማንበብ ጀመረ። ሲያነብ፣ ሲያነብ፣ ጠርሙሱን ገልብጦ መያዙን አላስተዋለም። እኔም ምስሬን አንሥቼ በሌላ በኩል ወጣሁ።

በሁለተኛው ክረምት የመጨረሻውን ካርድ ከፍዬ ጨረስኩ። ደስታ ስጠብቅ ከባለካርዱ ደብዳቤ መጣ፤ እንኳን ደስ ያለህ፣ ጎበዝ ከፋይ ስለሆንክ የብድር ጣሪያህን ከፍ አድርገንልሃል ይላል። ትፍ! የታመመ ሰው ሲድን መርዙን በትልቅ ብርጭቆ እንደመቅዳት ነው። ካርዷን በጸዳለ የኩሽና መቀስ ቆረጥኳት።

«ፈታሃቸው?» አለችኝ።

«ፈታኋቸው።»

«ቀለብ አይቆርጡብህም?»

«ሲበሉኝ ኖረዋል፤ ይበቃቸዋል።»

ያን ዕለት መድረኩ ላይ ጻፍኩ። «ደረቅ ሽሮ ዕዳውን ጨረሰ። ሊያገባ ነው። ሚዜ ግን ጎድሎታል።»

መቀነት እልልታዋን በላቲን ፊደል ደረደረችው። ከሷ ቀጥሎ አርፋጁ መጣ።

«ስንት ሰዓት?» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «አላረፍድም» ሲል ጨመረ።

አላረፈደም።

ባለፈው እሑድ፣ ጎረምሶቹ ታግለው ሲያበቁ የተሸናፊውን ፊት አየሁት። አፉ ይቆጣል፤ ዓይኑ ግን ከጭንቅ ተገላግሏል። ተነሥቼ አንድ ነገር ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። እኔንም ያን ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ ቢመክረኝ፣ በሞቴ ብዬ የሱንም ሒሳብ እከፍልለት ነበር። ጌታሁን ከፊት ለፊቴ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «ያኛው አርፋጅ ነው፤» አለኝ በሹክሹክታ።

የኛ ሒሳብ መጣ። እኔ የኔን ቆጠርኩ፤ እሱ የሱን ቆጠረ። አስተናጋጇ አዲስ ልጅ ናት፤ ሁለቱን የብር ክምር አየች፣ እኛን አየች፣ ደነገጠች።

«ውይ፣ ጋሼ፣ ይቅርታ... ተጣልታችሁ ነው እንዴ?»

«አይ ልጄ፤» አለ ጌታሁን ኮቱን እየደረበ፣ «ከታረቅን ቆየን።»