ዱዓ የተደረገለት ሰይድ

የመጀመሪያ የፍቅር ልብ ወለዴን ያረምኩት ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ለአርታዒዬ በስልክ፣ «ሰይድ እኮ መዳን የለውም፤ እንዴት እንደምወደው ግን አታውቂም» አልኳት። ሰይድ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ታሞ የተኛ የልብ ወለዴ ባለታሪክ ነው።

በማግስቱ ከውጫሌ ስመለስ ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። እናቴ ለካ የስልኩን ወሬ ሰምታ ኖሮ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ «ያረቢ፣ የልጄን ሰይድ አፊያ አድርግልኝ!» ትላለች።

«አሚን!» ይላሉ ሴቶቹ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ እጄን ጨብጠው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ይድንልሻል» አሉኝ። እኔም «አሚን» አልኩ።

ሴቶቹ ሲሄዱ ሰይድ የፈጠራ ሰው መሆኑን ለእናቴ ነገርኳት። ትስቃለች ስል ክው አለች።

«እና ይሄ ሁሉ ዱዓ ተደርጎለት ልትገድይው ነው?»

አልገደልኩትም። መጨረሻውን ቀይሬ ዳርኩት። እናቴ ግን አፍራ እውነቱን ለጎረቤት ሳትናገር አለፈች፤ አላህ ይዘንላት።

በቀደም ባጃጅ ስጠብቅ እትዬ ዘሃራን አገኘኋቸው።

«ያ ሰይድ እንዴት ሆነ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ድኖ አገባ።»

«አንቺን ትቶ?» ብለው ጮኹ። «ዱዓችንን ይመልስ!»