የውዴ ጆሮና የማሩ ሸክላ

ደብረ ታቦር ገበያ አፍ ላይ፣ ከኢብራሂም ሱቅ ጎን፣ ጥጥ እየፈተለች የምትውል ውዴ የምትባል ሴት ነበረች። ፈትሏ ቀጭን ነው ይባል ነበር፤ ምላሷ ደግሞ ከፈትሏ ይብሳል። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ባሏ ሙላቴ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጉና ላይ ወደቀ። ልጅ አልነበራቸውም። የሙላቴ ታላቅ ወንድም ወርቁ «ነይና ከኔ ቤት ኑሪ» ቢላት «የሰው እንጀራ ጉሮሮ ይቧጥጣል» ብላ እምቢ አለች። ኢብራሂም ከሙላቴ ጋር በቅሎ እየነዱ ሐሙሲት ገበያ ድረስ ይወርዱ ነበርና፣ ከሱቁ ጎን እህል ያስቀምጥባት የነበረችውን ክፍል ለቀቀላት።

በጥር ወር ኢብራሂም ከጎንደር የሸክላ ማጫወቻ ይዞ መጣ። አገሩ የሚመለስ አንድ ጣልያን የተወው ዕቃ ነው፤ እጀታውን ሲያዞሩት አፉ እንደ መለከት ከተከፈተ ቆርቆሮ ውስጥ ይዘፍናል። ሸክላዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ እንደ መጽሐፍ በሚገለጥ ወፍራም ማኅደር ውስጥ ተደርድረዋል። ኢብራሂም ገበያተኛ ይስብልኛል ብሎ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው።

ውዴ ዜማ አልተማረችም። ዘፈን ከሠርግና ከልቅሶ ቤት በቀር ሰምታ አታውቅም። ነገር ግን እጇ እንዝርት ላይ ሲውል ጆሮዋ ሥራ ፈት ነበርና፣ ሳትወድ ሁሉንም ሰማች።

መጀመሪያ የተጫወተው የአንዲት ጣልያን ሴት ዘፈን ነው።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው? ምጥ ይዟት ነው?» አለች ውዴ።

«እትዬ ውዴ፣ ትልቅ ዘፋኝ ናት አሉ። ነገሥታት ፊት ነው የምትዘፍነው» አለ ኢብራሂም።

«ነገሥታቱ ምን በደሏት?»

ሁለተኛው የወታደር ሰልፍ ነበር። እሱን እስከ መጨረሻው እንኳ አልታገሠችውም። «ይህ ዘፈን አይዶለም። ከበሮው ይረግጣል፣ መለከቱ ያዛል። የሚለምን የለበትም። የማይለምን ዘፈን ምን ዘፈን ነው?»

ከማኅደሩ ውስጥ ኢብራሂም የሚወደው አንድ የዐረብ ሸክላ ነበር፤ ሲሰማው ዓይኑን ይጨፍናል። ውዴ እሱንም አልማረችውም። «እኒህ ሰውዬ አንዱን ቃል ከጀመሩት እስኪጨርሱት ገብስ ይደርሳል» አለች። ኢብራሂም ተቀይሞ ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ጀመረችው፤ «ከኋላቸው የሚመታው ክራር መሳይ ነገር ግን ደግ ነው። ሰውዬው ቢተዉለት ኖሮ።»

ውሎ ሲያድር ሰው ለሸክላው ሳይሆን ለውዴ መሰብሰብ ጀመረ። ሸክላው ሲያልቅ ሁሉም ፊቱን ወደሷ ያዞራል። እሷ ቀና ሳትል፣ ጥጧን እየሳበች፣ አንድ ነገር ትወረውራለች፤ ያችው ንግግር እስከ ማታ ገበያውን ታዳርሳለች። የምታመሰግነው ግን አልነበረም። ከማኅደሩ ሁሉ አንድም ሸክላ ከአፏ አላመለጠም።

ከሰው ሁሉ ይልቅ የምትጠላው ማሩን ነበር። ማሩ አዝማሪ ነው። ሙላቴ ጉና ሲወጣ ማሲንቆውን ይዞ አብሮት ወጥቶ፣ ለአርበኛው ሲያቅራራ፣ ሲፎክር ከርሟል። ሙላቴ ከወደቀ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ወርዶ ለጣልያን ገባ። ካፖርት አለበሱት፤ የጣልያን ሹሞች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይዘፍን ጀመር። በሱቁ በኩል ሲያልፍ ውዴ እንዝርቷን አቁማ ምራቋን ትተፋለች። እሱም ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

በመጋቢት ማሩን በመኪና ጎንደር ወሰዱት። አንድ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር ውስጥ ዘፍኖ፣ ድምፁ ሸክላ ላይ ተቀርጾ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ ተባለ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሸክላው መጣ።

በቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ የከተማው የጣልያን ሹም ጠረጴዛ አስወጥቶ የራሱን ማጫወቻ አስቀመጠ። አስተርጓሚው አለሙ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ የውዴን ዝና ያውቃል። የውዴ አፍ ያመሰገነውን ገበያው ሁሉ ያመሰግነዋል ብሎ ለሹሙ ነገረው። ሁለት አስካሪዎች፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ መጥተው ውዴን ከነእንዝርቷ አስነሥተው ጠረጴዛው አጠገብ አቆሟት። ማሩም በካፖርቱ ቆሟል። ገብስ ይዞ የመጣው ወርቁ ከሰው ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«እሜቴ፣ አይፍሩ» አላት አለሙ። «እንደ ሁልጊዜው የመሰለዎትን ይናገሩ።»

ሸክላው ዞረ። የማሩ ድምፅ ወጣ፦

«አምላክ ላከልን የመኪና ጌታ፣
ጎማው ሲሽከረከር ሀገር ተደሰታ።»

እንዲህ እያለ መንገዱን፣ ድልድዩን፣ መድፉን ሁሉ አወደሰ። ሲያልቅ ገበያው ዓይኑን ወደ ውዴ አዞረ። አለሙ «እሺ?» አላት።

«‹ተደሰታ› ምን ማለት ነው?» አለች ውዴ። «ሀገር ተደሰተ ይባላል እንጂ። ቤት ይምታልኝ ብሎ የቃሉን እግር ሰበረው። ደግሞም ማሲንቆውን ስማው፤ እጁ ከአፉ ቀድሞ ይሮጣል። ቶሎ ጨርሶ ሊሄድ የቸኮለ ሰው ነው የሚመስለው። ውሸት ሲዘፈን እንዲህ ነው፤ ለዘፋኙም ይረዝምበታል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ገበያው ሁሉ ሳቀ። አለሙ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ለሹሙ የሆነች አጭር ነገር ነገረውና ሸክላውን ቶሎ ገለበጠው።

በሁለተኛው ገጽ ፉከራም ውዳሴም አልነበረም። ማሲንቆው ዝቅ ብሎ ጀመረ። ማሩ ቆይቶ፣ እንደማይፈልግ ሰው፣ አነሣው፦

«ከጉና ወርጄ እሳት ዳር ብቀመጥ፣
ብርዱ አብሮኝ ወረደ ካጥንቴ ሊሰምጥ።»

ውዴ ክፉ በሆነ ብላ ተመኘች። እንከን ልታገኝ ጆሮዋን ቀሰረች። ቤቱ ይመታል። ማሲንቆው ድምፁን አይቀድምም፤ ከኋላው እየተጎተተ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ ይከተለዋል። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፤ ቢሰነጠቅም አልደበቀውም። ሙላቴ በአንዲት ጋቢ ውርጭ ላይ ሲያድር ታያት። እንዝርቷ ቆመ፤ መቆሙን ያወቀችው ሰው ሁሉ እጇን ሲያይ ነው።

«ይህስ?» አላት አለሙ።

ማጣጣል ቀላል ነበር። ገበያው ሌላ ሳቅ እየጠበቀ ነው። ወርቁ ፈገግ ብሎ አገጩን ወደሷ ይነቀንቃል። ውዴ አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ ግን አልወጣላትም።

«ይህ ደግ ነው» አለች። «ዘንድሮ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል። እግዜር ይፍረድበት እንጂ፣ ይበልጣል።»

«ለምን?» አለ አለሙ፣ የሚያስደስት ነገር ያገኘ መስሎት።

«ስለ ብርድ ነው። ብርድ አውቃለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ማሩ አቀረቀረ። የወርቁ ፊት ተኮሳተረ፤ ገብሱን ጭኖ ገበያው ሳይፈታ ሄደ። ሹሙም ቀደም ሲል ሰው ለምን እንደ ሳቀ አንዱን አስካሪ ጠይቆ እውነቱን ሰማ። ውዴን ከዚያው አስያዛት።

በጣልያን ምሽግ ውስጥ ዐሥር አለንጋ ገረፏት። ፀጉሯን ሊላጩም መጥተው ነበር፤ ለሙላቴ ኀዘን ከተላጨች ወዲህ አላሳደገችውምና የሚላጭ አጡባት። ዐሥራ ስድስት ቀን ለአስካሪዎች እህል ስትፈጭ ቆይታ ተለቀቀች።

ክፍሏ ስትደርስ ወርቁ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘችው። ጀርባዬን ሊጠይቅ መጣ ብላ አስባ ነበር። እሱ ግን ሰላምታም አልሰጣት።

«ወንድሜን ጉና ላይ ጥሎ የወረደውን ሰው ገበያ መካከል አመሰገንሽው።»

«ዘፈኑን ነው ጋሼ።»

«ዘፈንና ዘፋኝን ምን ይለያቸዋል?»

«ለርስዎ አይለይ ይሆናል። ለኔ ይለያል። የፊቱን ገጽ ሰድቤ አይዶል የተገረፍሁት?»

«ስድብማ ማንም ይሳደባል» አለ ወርቁ። «ያንቺ ምስጋና ነው ብርቁ። እሱን አውጥተሽ ለባንዳ ሰጠሽው። በኅዳር የወንድሜ ሙት ዓመት ነው። ከተዝካሩ ድንኳን እንዳላይሽ።»

«ባሌ ነው!»

«በገበያው ቀን ትዝ ባለሽ።»

ከዚያ ወዲያ የሙላቴ ዘመዶች ፈትላቸውን ለሌላ ሴት ሰጡ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰላምታዋን በግማሽ አፍ ይመልሱ ጀመር። እሷም ሳትለማመጥ «በላይ በላዩ ይምጣ!» ብላ ጥጧን ትፈትላለች፤ ጀርባዋ ግን ስላልዳነ ተደግፋ መቀመጥ አልቻለችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሩ ራሱ መጣ። ካፖርቱን አውልቆ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ከደጃፉ ቆመ።

«እሜቴ፣ በኔ ምክንያት ተገረፉ። ያን ቃል ከርስዎ አፍ መስማቴ ደግሞ...»

«አትቀመጥ» አለችው። «ዘፈንህን ወደድሁ እንጂ አንተን አልወደድሁም።»

«ሙላቴን እኮ በሕይወቱ አልከዳሁትም። ሞቶ ነው የተውሁት።»

«ቀበርኸው?»

ማሩ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ድንጋይ እንኳ አልደረብህበትም?»

«ይተኩሱብን ነበር እሜቴ።»

«እንግዲህ ዝፈን። ሌላ ምን ቀረህ?» ብላ እንዝርቷን አሾረች። ወዲያው ግን አቆመችው። «የት ነው የወደቀ?»

ማሩ ነገራት። ከምንጩ በላይ፣ ሦስት ጅብራ ጎን ለጎን ከበቀሉበት፣ በተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር። ሲነግራት አለቀሰ። ውዴ አላባበለችውም፤ «ሂድ» ብቻ አለችው።

የተዝካሩ ሰሞን፣ የወርቁ ድንኳን ሲተከል፣ ውዴ የኢብራሂምን በቅሎ ተውሳ ወደ ጉና ወጣች። ኢብራሂም «መንገዱ አይታመንም፣ ከሁለቱም ወገን ይተኩሳሉ» ቢላት አልሰማችውም። ከተራራው ግርጌ ካለው ደብር አንድ አሮጌ ቄስ ለምና አስከተለች። ቦታው ማሩ እንዳለው ነበር። ከአጥንቱ አውሬ የበታተነውን ስትለቅም ዋለች፤ በቀበቶው ዘለበት አወቀችው። ራሷ በፈተለችው ኩታ ጠቅልላ አወረደችው። ቄሱ ፍትሐት አድርሰው በደብሩ ቅጥር ቀበሩት።

ወሬው ደብረ ታቦር ደረሰ። ወርቁ በማግሥቱ ጉና ግርጌ ሄዶ መቃብሩ ላይ ሰግዶ፣ እፍኝ አፈር ጨምሮ ተመለሰ። ሲሄድ በመንገድ ከምትመለሰው ከውዴ ጋር ሲገናኙ በቅሎዋን አሳልፎ ቆመ እንጂ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ «ባንዳ የመራው ቀብር» አለ መባሉን ሰማች። «መቃብሩ ላይ ግን ሰገደ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

በ፲፱፻፴፫ ክረምት ጣልያን ደብረ ታቦርን ለቀቀ። ማሩ አስቀድሞ ከጣልያኖች ጋር ወደ ጎንደር ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። አርበኞች ሲገቡ ሰው ተሰብስቦ የጣልያንን ሸክላ ሁሉ ገበያ መካከል ሰባበረ። ኢብራሂም ዐረቡን ብቻ ጤፍ ውስጥ ቀብሮ አተረፈው። የማሩ ሸክላ ሲሰበር ውዴ ቆማ አየች። «ተዉት» አላለች፤ አልሳቀችምም።

«አዘንሽ መሰለኝ» አላት አንዱ ጎረቤት ሊነካካት።

«የፊቱ ገጽ ቀድሞውንም የተሰበረ ነበር» አለችና ወደ ጥጧ ገባች።

እሷና ወርቁ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ከተማ ኖሩ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አስቀደሱ፤ አንድም ቀን እግዜር ይስጥልኝ አልተባባሉም። ወርቁ ሲሞት ለቅሶው ቤት ሄዳ ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀመጠች። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ጎረቤቷ ወደ ውዴ ዘንበል ብላ «እንዴት ናት?» ብትላት፣ ውዴ ጥቂት አዳመጠችና «ደረቅ ናት» አለች። ማንም እንዲሰማት ፈልጋ አልነበረም፤ የወርቁ ልጆች ግን ሰምተው፣ ያንኑ ዕለት ከቤታቸው አስወጧት።